በኩርን «የቆሎ መጠቅለያ» ላሏት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንደኛው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ከሥሩ «ይሄን አይተኸዋል?» ብሎ ጽፎበታል። አየሁት። ሁለት ጊዜም አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕራቸው ይጥማል፤ ሰው የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። የአማራ ክልል መንግሥት ስለሚያሳትማት ስለ በኩር ጋዜጣ የጻፉት ግን አብዛኛው ልክ አይደለም። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፤ አልሆነልኝም።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። በኩር ከመጀመሪያውም የመንግሥት ልሳን ስለሆነች የራሷ የሚባል ታሪክ የላትም ይላሉ። የተወለደችውም ለክልሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተቀጥላ ሆና ነው። የአማርኛ ጋዜጣ አገሩ አዲስ አበባ ነው፤ ባሕር ዳር የሚዘጋጀው ጋዜጣ የዚያ ግልባጭ ነው። ክልሉ የገበሬ ክልል ነው፤ ገበሬ ጋዜጣ አያነብም፤ ስለዚህ በኩር ቆሎ ከመጠቅለል ያለፈ ፋይዳ አልነበራትም። ዛሬ ደግሞ ፌስቡክና ቴሌግራም ተክተዋታል። በመጨረሻም የድሮዎቹ ዕትሞች በየመጋዘኑ ቦታ ከሚይዙ ቢወገዱ የሚጎድል ነገር የለም ብለው ይዘጋሉ።

እኔ የጋዜጣዋ ሠራተኛ አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ አንባቢ ነኝ።

ቀላሉን ላስቀድም። «ለሬዲዮውና ለቴሌቪዥኑ ተቀጥላ» የሚለው በቀጥታ ስህተት ነው። በኩር የጀመረችው በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም ነው። ዛሬ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን የሚባለው ተቋም ልደቱን የሚቆጥረው ከእሷ ነው። ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ከእሷ በኋላ መጡ። ስሟ ራሱ ይናገራል፤ በኩር ማለት የመጀመሪያ ልጅ ነው። (አሁን አሁን «በኲር» ተብሎ ነው የሚጻፈው። እኔ የለመድኩት አጻጻፍ ስለሆነ «በኩር» እያልኩ እቀጥላለሁ።) ጊዜውንም ልብ በሉት። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም ነው። ጋዜጣዋ በተከታዩ ወር ወጣች። ክልል የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ለብዙ ሰው ገና ግር ባለበት ሰዓት ማለት ነው። የፕሬስ አዋጁ ከወጣም ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አዋጅ ቁጥር 34 የጥቅምት 1985 ዓ.ም ነው። አዲስ አበባ ላይ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ሲፈሉ፣ እዚህ ጣና ዳር አንዲት ጋዜጣ ሀ ብላ ጀመረች።

ወደ ከባዱ ልለፍ። የመንግሥት ልሳን ናት ወይ? ናት። ባለቤቷ የክልሉ መንግሥት ነው፤ ይህን የሚክድ ካለ እኔ አብሬው አልቆምም። የፊት ገጿ ላይ ስብሰባ የሚከፍት ባለሥልጣን ፎቶ በሽ በሽ ነው። «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «አሳሰቡ» የሚሉ ርዕሶች ዓይን ያደክማሉ። የተቃዋሚ ድምፅ ፈልጎ ያጣባት ሰው ቅሬታው ተገቢ ነው። እኔም ያው ቅሬታ አለኝ። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ከዚህ ተነስቶ «ታሪክ የላትም» ማለት ግን አያስኬድም። በዚህ ሚዛን ከመዘንን የአገራችን የጋዜጣ ታሪክ ራሱ ይጠፋል። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም የተጀመረው በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ነው። አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም ሲወጣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ገና ወሩ ነበር፤ ስሙም የንጉሡ የድል ማግስት ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ንጉሡንም፣ ደርግንም፣ ኢሕአዴግንም አገልግሏል። ታዲያ ስለ 1966ቱ አብዮት የሚጽፍ የታሪክ ሰው አዲስ ዘመንን «የመንግሥት ነው» ብሎ ይዘለዋል? አይዘለውም። እንዲያውም የመንግሥት ስለሆነ ነው የሚያገላብጠው። መንግሥት በዚያ ሳምንት ምን እንዳለ፣ በምን ቃል እንዳለው፣ ምኑን እንደደበቀ የሚታየው እዚያ ነው።

የክልሉን ጉዳይ እናንሳ። በ1989 ዓ.ም በአማራ ክልል የመሬት ክፍፍል ተደረገ። «ቢሮክራሲ» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚል ስም የወጣላቸው ገበሬዎች መሬታቸው ተቀነሰ። ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት ያሉ ነበሩ። ይህ በገጠሩ ሕዝብ ሕይወት ላይ ጠባሳ የተወ ነገር ነው፤ ዛሬም ቡና ሲጠጣ ይነሳል። እነዚያ ስያሜዎች ለሕዝብ እንዴት እንደቀረቡ፣ ባለሥልጣኑ በምን ቋንቋ እንዳስረዳ፣ ለየትኛው ቅሬታ መልስ እንደሰጠና የትኛውን እንዳለፈ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የት ይሂድ? አንዱ መሄጃ የዚያ ዓመት የክልሉ ጋዜጣ ነው። አምኖ ለመቀበል አይደለም፤ ጠይቆ ለማንበብ ነው። በጋዜጣዋ የተጻፈው አንሶ ከሆነ ማነሱ ራሱ ማስረጃ ነው። ጸሐፊው የተቆጡት በገዢዎቹ ከሆነ ቁጣቸው ይገባኛል። የወረቀቱን ክምር ማስጣል ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው የሚሆነው።

አሁን ጸሐፊው በአንድ መስመር ያለፉትን ነገር ልያዝ። «ግማሹ ገጽ የጨረታ ማስታወቂያ ነው» ብለው አናንቀውታል። ግማሹ ይሁን አይሁን አልቆጠርኩም፤ ብዙ መሆኑ ግን እውነት ነው። ለእኔ ደግሞ የጋዜጣዋ ትልቁ ሀብት እሱ ነው።

የሐራጅ ማስታወቂያ ልብ ብላችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ቃላቱ ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው። «በአፈ/ከሳሽ እገሌና በአፈ/ተከሳሽ እገሊት መካከል ስላለው የአፈጻጸም ክርክር» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ቤቱ የት ከተማ፣ የት ቀበሌ እንደሆነ ይናገራል። ቀጥሎ አዋሳኞቹ ይመጣሉ። በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ የአቶ እገሌ ቤት፣ በሰሜን የወይዘሮ እገሊት፣ በደቡብ ክፍት ቦታ። የመነሻ ዋጋው ይጻፋል። ቀኑና ሰዓቱ ይጠቀሳል። አለቀ።

ይህን ለአንድ ቤት ሳይሆን ለሰላሳ ዓመት አስቡት። ያ «ክፍት ቦታ» ዛሬ ፎቅ ነው። ያቺ በሰሜን የነበረች ወይዘሮ ሰፈሩን ለቃለች ወይም አርፋለች። ያን ጊዜ ብዙ ይመስል የነበረው መነሻ ዋጋ ዛሬ ለአንድ ክፍል የዓመት ኪራይ አይበቃም። ባሕር ዳር በምን ፍጥነት እንዳደገች፣ መሬት መቼ እንደተወደደ፣ ማን ከማን ጋር በምን እንደተካሰሰ እዚያ ውስጥ ነው። ሌላም አለ። አድራሻው የጠፋ ተከሳሽ ሲኖር ፍርድ ቤት በጋዜጣ ጥሪ እንዲወጣ ያዛል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይፈቅዳል። ስለዚህ አገር ለቆ የሄደ ባል፣ ዕዳ ጥሎ የጠፋ ነጋዴ፣ የወራሽነት ክርክር ሁሉ እዚያው ትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ ታጭቋል። ሰው ለታሪክ ብሎ አልጻፈውም። ለዚህም ነው የምንተማመንበት፤ ለማስመሰል የተጻፈ ስላልሆነ።

እኛ የጣና ዳር ሰዎች ይህን ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብን። በድሮው ዘመን የርስት ውል የት ነበር የሚጻፈው? ወንጌል ጠርዝ ላይ፣ ባዶ የተረፈ ብራና ላይ። እገሌ ለእገሌ ይህን ያህል መሬት በዚህ ዋጋ ሸጠ፤ ምስክሮቹ እነ እገሌ ናቸው፤ በእገሌ ሹመት ዘመን ተብሎ። ያኔ ማስታወሻ ብቻ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ የጎንደርን ዘመን የመሬት ሥርዓት ያጠናው እንዲህ ካሉት ማስታወሻዎች ነው። ማንም መነኩሴ «ይሄማ የውል ጉዳይ ነው፣ ቃለ እግዚአብሔር አይደለም» ብሎ ቅጠሉን አልቀደደውም። የሐራጅ ማስታወቂያው ለእኛ ዘመን ያው የጠርዝ ጽሑፍ ነው።

«የአማርኛ ጋዜጣ አገሩ አዲስ አበባ ነው» ለሚለው ብዙ አልጽፍም። አእምሮ የተባለው ጋዜጣ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ መውጣቱ ልክ ነው፤ ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ነገር ግን ማተሚያ ወደዚህ ምድር የገባው በምጽዋ በኩል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1863 ላዛሪስት በሚባሉ የካቶሊክ ሚስዮናውያን እጅ። በሐረር ደግሞ ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1905 በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ጀምረዋል። አማርኛ አልነበሩም ይሉኝ ይሆናል፤ አዎ፣ አልነበሩም። ኅትመት ከመሀል ከተማ ብቻ አልፈለቀም ነው የምለው። የጎጃምን ታሪክ ከሰነዱት ሰዎች አንዱ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጻፉት ጎጃም ተቀምጠው ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚጻፍ ታሪክ አዋሳኝ አይጠራም፤ ከቅርብ ያለ ሰው ነው የሚጠራው። ደግሞም ተቋሙ በአማርኛ ብቻ አልቆመም። በአዊኛ፣ በኽምጣናና በኦሮምኛም ጋዜጣ አውጥቷል። የአዲስ አበባ ግልባጭ ቢሆን ኽምጣናን ከየት ያመጣው ነበር?

እምቦጭን አስታውሱ። በ2004 ዓ.ም አካባቢ ጣና ላይ ሲታይ የአገር ጉዳይ አልነበረም። የፎገራና የደምቢያ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ጉዳይ ነበር። ታንኳው አልቀዝፍ ያለው፣ ከብቱ ውኃ ዳር መድረስ ያቃተው ሰው ነው ቀድሞ ያወቀው። አዲስ አበባ የሰማው ቆይቶ ነው። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሕዝብ፣ ወሬው ከመሀል አገር ዞሮ እስኪመጣ መጠበቅ አይበጀውም። የዳር ጋዜጣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በኩር ይህን ሥራዋን ሁልጊዜ በሚገባ ሠርታለች አልልም። ሥራው ግን የእሷ ነው።

«ገበሬ ጋዜጣ አያነብም» የምትለዋ ነካችኝ። ንቀት ያለባት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ጸሐፊው አስበው የጻፏት አይመስለኝም። ይህ አገር የእነ ዋሸራ የቅኔ ቤት አገር ነው። የገበሬ ልጅ ነው ለምድ ለብሶ፣ ኮቾሮ እየለመነ ቅኔ የሚቆጥረው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል የቆጠረው ማን ነበር? ያው ገበሬና ሚስቱ ናቸው። በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤት የተሠራው ለእነሱ ነው። ችግሩ የሚነበብ ነገር አለመድረሱ ነበር። የሰኞው ጋዜጣ ሩቅ ወረዳ ሲደርስ ሌላ ሰኞ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ስርጭቷ ደካማ ነበር ቢሉ ኖሮ እጄን አውጥቼ እስማማ ነበር። የማከፋፈል ድክመትን ግን የአንባቢ ድክመት ማድረግ አይገባም።

ደግሞ ጋዜጣ በእኛ አገር በአንድ ሰው አይነበብም። መምህሩ ይገዛል፣ ጸሐፊው ይዋሳል፣ የግብርና ሠራተኛው ቀበሌ ይዞት ይሄዳል። ጠላ ቤት ውስጥ አንዱ ያነባል፣ ስድስቱ ይሰማል። የስድስቱ ስም በሽያጭ መዝገብ አይገባም።

ስለ ቆሎው ልናገር። እኔ ማንበብ የለመድኩት ከግድግዳ ነው። የአያቴ ቤት ጭቃ ነበር። ግድግዳው እንዳይራገፍ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። አያቴ ፊደል አትቆጥርም። ስለዚህ ከአልጋው ራስጌ ያለውን አንዱን ገጽ ገልብጣ ለጥፋዋለች። ማታ ማታ ፋኖስ እስኪጠፋ አንገቴን አጣምሜ እሱን አነባለሁ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ሌላ ይለጠፍበታል፤ ጠርዙ ሲላቀቅ የአምናው ከሥር ብቅ ይላል። ቆሎ የተጠቀለለበትንም ሳልጥል አነብ ነበር። ጨውና ዘይት ያራሰው ወረቀት ላይ የግጥም ግማሽ አግኝቼ ሌላውን ግማሽ ፍለጋ ወደ ቆሎ ሻጯ ተመልሼ አውቃለሁ። እሷም «ደግሞ ምን ጎደለ?» ብላ ተቆጣችኝ። ስለዚህ «የቆሎ መጠቅለያ» ሲባል እንደ ስድብ አይሰማኝም። መጻሕፍት ቤት በሌለበት ሰፈር ጋዜጣ ወደ ልጅ እጅ የሚደርስበት አንዱ መንገድ እሱ ነበር።

ቴሌግራም ተክቷታል ለሚለው። ዜና በፍጥነት ማድረስን ከሆነ፣ አዎ፣ ተክቷታል። ሳምንት ቆይቶ የሚመጣ ዜና ዜና አይደለም። በኩርም ይህን አውቃ ከፈጣን ወሬ ይልቅ ወደ ሰፊ ሐተታ ብታዘነብል ይሻላት ነበር እላለሁ። ቴሌግራም ግን ነገ አለ? ከአምስት ዓመት በፊት ስትከታተሉት የነበረ ቻናል ዛሬ ፈልጉት። ስሙ ተቀይሯል፣ ባለቤቱ ሸጦታል፣ ወይም ጽሑፉ ተሰርዟል። ፌስቡክ ላይ የተጻፈ ነገር ከተጻፈ በኋላ ይታረማል፤ አንባቢ ትናንት የተባለው ምን እንደነበር ማረጋገጫ ያጣል። የታተመ ወረቀት ላይ የወጣ ስህተት ግን እንደወጣ ይቀራል። ማረሚያ ቢያወጡ እንኳ ሁለቱም ይቀመጣሉ።

ሌላም አለ፤ ይህንን እዚህ የኖርን ሰዎች ነን የምናውቀው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ ቴሌግራም የት ነበር? ስልካችን ፋኖስ ሆኖ ነበር የከረመው። ጋዜጣዋም በዚያ ወቅት በየገጠሩ እንደልብ ደርሳለች አልልም፤ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ግን አንዱ ሌላውን «ተክቶታል» ብሎ የመጀመሪያውን ማፍረስ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

አሁን ወደዚያች መጨረሻ ዓረፍተ ነገር ልምጣ። ብዕር ያስያዘችኝ እሷ ናት። «የድሮዎቹ ዕትሞች ቢወገዱ የሚጎድል ነገር የለም።»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጉዳይ ላጣራ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የ1990ዎቹን ጥራዞች ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ ደግ ሴት ነበረች፤ ቁልፍ ይዛ ከደረጃ ሥር ወዳለች ክፍል ወሰደችኝ። ጥራዝ የሚባል ነገር አልነበረም። በሲባጎ የታሰሩ ክምሮች ናቸው። ከታች ያሉት እርጥበት ጠጥተው አንድ ላይ ተጣብቀዋል። የአንዱን ክምር ጥግ አይጥ በልቶታል፤ የበላው በሰያፍ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ዕትም የመጨረሻው ዓምድ ጎድሏል። የላይኛውን ፈታሁት። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ስገልጠው ይሰበራል። የፈለግሁትን አላገኘሁም። በምትኩ ሳላስበው የሰፈሬን ስም አየሁ። የሐራጅ ማስታወቂያ ነበር። አዋሳኞቹን ሳነብ አንደኛው የአያቴ ጎረቤት ሆኖ አገኘሁት። ያ ሰው የት እንደገባ ሰፈር ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ቤቱ ለምን እንደተሸጠ እዚያች ሦስት ጣት በማትሞላ ሳጥን ውስጥ ተጽፎ ነበር። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሠራተኛዋ «ምነው፣ ዘመድ ነው?» አለችኝ።

ጸሐፊው «ቅጂው አዲስ አበባ አለ» ይሉኝ ይሆናል። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ የአገሪቱን ኅትመቶች እንዲሰበስብ በሕግ ኃላፊነት አለበት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ጋዜጣ በማስቀመጥ ይታወቃል። ጥሩ ነው፤ ይኑር። የባሕር ዳር ተማሪ ግን የገዛ ሰፈሩን ጋዜጣ ለማየት አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ የለበትም። እዚሁ ከተማ፣ ፔዳ በሚባለው ግቢ ዩኒቨርሲቲ አለ። ስካነር ዛሬ ብርቅ ዕቃ አይደለም። ከገጽ ገጽ ማንሳት፣ በዓመትና በቀን መደርደር፣ ለማንም ክፍት ማድረግ፤ ይሄ ብዙ ሚሊዮን የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው ክፍሉን ቁልፍ የያዘ ሰው «እሺ» እንዲል ነው።

በየቤቱ የቀረም አይጠፋም። አልጋ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ፣ የልብስ መደርደሪያ ላይ የተነጠፈ። ከ1987 እስከ 1995 ዓ.ም ያለ ዕትም ያላችሁ ሰዎች፣ ቢቀደድም ቢሻግትም አትጣሉት። ጥጉ የተበላው ጥራዝ የሚሟላው ከእናንተ በሚገኝ ሌላ ቅጂ ነው።

ጸሐፊውን ደግሞ፣ ባሕር ዳር ብቅ ካሉ፣ አንድ ከሰዓት ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል። ያቺ ክፍል አሁንም ከደረጃው ሥር ናት። ሲባጎውን እኔ እፈታለሁ፤ እርስዎ የፈለጉትን ዓመት ይምረጡ።